መደቡ በበሩ ግራ በኩል ነው

በደሴ መንገዶች ላይ ቆሞ ሰላምታ መለዋወጥ የሚቻለው ለአርባ ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ አጠገብ ያለው ምሰሶ «እባክዎ ይለፉ» ይላል። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሑት ነው፤ አይቆጣም። የከተማው ሰውም የእናትን፣ የአባትን፣ የልጆችንና የጉልበትን ደኅንነት በአርባ ሰከንድ ጠይቆ መጨረስን ተክኖበታል። ልጆች በትምህርት ቤት ይለማመዱታል። እኔ እየተራመድኩ የጫማ ክር ማሰርን የቻልኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ዘግይተሻል ተብዬ ነበር።

ስሜ ኤልዳና ነው፤ ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ ነው። ከፈቃድ ቤቱ ፊት ለፊት ተደርድረን ከምንሠራው አሥራ አንድ ጸሐፊዎች አንዷ ነኝ። አያቴ በዚሁ ከተማ ከፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር አሉ። የእሱ «ለክቡር» ብሎ ጀምሮ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ የእኔ ከመቶ አርባ ገጽ አያንስም። ዛሬ ሰው ቤቱ ላይ መስኮት ልክፈት፣ በር ላዙር፣ አንድ ደረጃ ልጨምር ቢል ማመልከቻው ብቻውን አይበቃውም፤ የዲዛይን ሪፖርት ይያያዝበታል። በሪፖርቱ ውስጥ እያንዳንዱ የቤቱ ክፍል ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ለማን? ለምን? ለምን ያህል ጊዜ? መልስ የሌለው ግድግዳ አይቆምም። ለአንድ የዶሮ ቤት ሦስት መቶ አሥር ገጽ ጽፌ አውቃለሁ፤ ፈቃዱ ሲመጣ ዶሮዎቹ ተበልተው ነበር።

ሪፖርቱን ሰው አያነበውም። መርማሪው ያነበዋል። መርማሪውን ያየው የለም፤ ደብዳቤው ግን በሰዓቱ ይደርሳል።

ጋሽ ያብስራ ወደ እኔ የመጣው በሁለት ሺህ ሰማንያ ሁለት መስከረም ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። የዚያ ዘመን ሰው ስም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ያብስራ፣ ናሆም፣ ኪሩቤል፣ አቢጊያ። በጊዜው የሕፃን ስም ነበር ይባላል፤ አሁን የሚያስታውሰን ከዘራና ኮፍያ ነው። እንግዳ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ምክንያቱን ጠየቀው። «ሪፖርት» አለ፤ ቀጠለና «ደግሞም ደክሞኛል» አለ። ወንበሩ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ሳይመዘግብ ቀረ።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቤቱ በር አጠገብ የነበረውንና ከሦስት ዓመት በፊት የፈረሰውን መደብ መልሶ መሥራት። ያ የድንጋይና የጭቃ መደብ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አረፍ የሚልበት። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ ተከልክሏል። ሦስተኛ ክልከላ ከመጣ ደንቡ ቤቱን ለአሥር ዓመት ከማንኛውም ማመልከቻ ይዘጋዋል። «በአሥር ዓመት እኔም የለሁ፣ እሷም የለችም» አለኝ፤ የዝናቡን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው በዝግታ።

እሷ የሚላት እትዬ ሰዓዳን ነው። ቤታቸው አንድ የደረጃ መንገድ ላይ ነው፤ የእሷ ከታች፣ የእሱ መሃል ላይ፣ መስጊዱ ከላይ። ከእሷ በር እስከ እሱ በር መቶ ስድሳ ደረጃ አለ። እትዬ ሰዓዳ አርባ ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ስትወጣ መደቡ ላይ ታርፍ ነበር። የጋሽ ያብስራ ባለቤት አቢጊያ በሕይወት ሳለች ሁለቱ ሴቶች በየዓመቱ መስከረም ላይ አብረው ይመርጉት ነበር። አቢጊያ ከሞተች በኋላ ደግሞ ሰዓዳ በአንደኛው ጫፍ፣ እሱ በሌላኛው ጫፍ ተቀምጠው ድካሟ እስኪወጣላት ያወሩ ነበር። መደቡ ሲፈርስ መንገዱ ላይ ማረፊያ ጠፋ፤ ጉልበቷም መቶ ስድሳውን በአንድ ትንፋሽ አይችልም። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ከተማው ሰው የሚሸከም ወንበር አለው። እሷ ግን «ሳልሞት ቃሬዛ አልወጣም» ብላለች።

እሱስ ለምን አይወርድም ብዬ ጠየቅኩት። ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ ሜዳ ነው፤ ወደ እሷ ግን ደረጃ ብቻ ነው። ይወርዳል፤ መመለሱ ነው የሚገድለው። አንድ ጊዜ ወርዶ ሲመለስ ምሰሶዎቹ አሥራ ሰባት ጊዜ «ይለፉ» ብለውታል፤ በአሥራ ስምንተኛው ወድቋል።

የክልከላውን ደብዳቤዎች አወጣሁና አነበብኩ። በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ «መቀመጫ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ በመተላለፊያ ላይ መቀመጫ አይፈቀድም ተብሏል። በሁለተኛው «መታሰቢያ» አለው፤ የማን መታሰቢያ ተብሎ ሲጠየቅ «የተቀመጡበት ሰዎች» ብሎ መለሰ፤ እሱም ወደቀ። በሁለቱም ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ግን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበረ። «በመንገዱ ነባር ሪፖርት ገጽ ሰማንያ ስምንት እንደተገለጸው ጉብታው ተግባር የለውም።»

ዓረፍተ ነገሩን አወቅኩት። የእኔ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ያ የደረጃ መንገድ ሲታደስ ዘጠኝ መቶ ገጹን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከግድግዳ የወጣ ነገር ሁሉ ስምና ተግባር ይጠየቅ ነበር። በተፈቀዱት ቃላት ዝርዝር ውስጥ ያ ነገር ስም አልነበረውም፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ «ጉብታ» ብዬ ጻፍኩ። ተግባር በሚለው ላይ «የለውም» አልኩ። በመንገዱ ላይ የነበሩትን ሥልሳ አራቱንም በአንድ መስመር ጨረስኳቸውና ምሳዬን በላሁ፤ በእድሳቱ ሁሉም ፈረሱ። ስሙን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እናቴ እንዲያ ያለ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር ከትምህርት ቤት የምትቀበለኝ። ከሩቅ ስታየኝ ትሪውን ወደ ጎን ታደርግና ለእኔ ቦታ ትለቃለች። ይህ ሁሉ እያለ ነው ጉብታ ያልኩት። በዚያች ሰዓት የጋሽ ያብስራን ፊት ማየት አቃተኝ፤ ግን አልነገርኩትም። ሪፖርቱን እጽፋለሁ ብቻ አልኩት።

ለሁለት ሳምንት በየቀኑ መጣ። «ለምን?» የሚለውን ክፍል ለመሙላት እንዲያወራልኝ ጠየቅኩት፤ እሱም አወራ። መብራት ይጠፋ የነበረበትን ዘመን ነገረኝ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ «ሄደ!» ብሎ በአንድ ድምፅ ጮኾ ወደ ደጅ ይወጣል። እራት ያልበሰለለት ከበሰለለት ጋር መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩ ባትሪ ያለው ያበራል፤ ነገር ይጀመራል። ያደረ ጠብ የሚታረቀውም በዚያ ሰዓት ነበር፤ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ሰው ደስ እያለው ቅር ይለው ነበር። ውኃ በጀሪካን የሚያወጡ ሴቶች ጀሪካናቸውን የሚያሳርፉት መደብ ላይ ነው። ታክሲ የሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራው ሃያ ሰው ይገባ ነበር፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ሰዉም እያጉረመረመ ይጠጋል። እኔ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ወንበር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ወዴት ነው የሚጠጉት?

ወሬው ጥሩ ነበር፤ ለሪፖርት ግን አልሆነም። ለማን? ላለፈ ላገደመ። መርማሪው ቁጥር የሌለው ተጠቃሚ አይቀበልም። ለምን ያህል ጊዜ? ድካሟ እስኪወጣላት። ይህ በደቂቃ አይለካም። የግድግዳ ድጋፍ ብለን ብንጽፈው ብዬ ሞከርኩ፤ ድጋፍ ከሆነ አናቱ ሰው እንዳይቀመጥበት ማዘንበል አለበት ይላል ደንቡ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ቃል ያጠረኝ የዚያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የዞረው አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በስሕተት ነው። ማኅተሜን ከጎረቤቴ ከናሆም ዳስ ለማምጣት ወጥቼ ነበር። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ፣ በጋሽ ያብስራ ፊት ክፍት ነው። ቅጹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ድምፅ አውጥቶ ጠየቀ። «የግንባታው መደብ?»

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለጸሐፊዎች ጥያቄ አይደለም። የመኖሪያ ነው፣ የንግድ ነው፣ የጸሎት ነው ለማለት አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ጽፈን እናልፈዋለን። ጋሽ ያብስራ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻ የሚጠይቀው ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ተመልሼ ስገባ ቅጹ የተናገረውን ቃል በቃል ጽፎ ጨርሷል። «በበሩ ግራ በኩል ነው። ርዝመቱ ሦስት ክንድ ተኩል፣ ከፍታው እስከ ጉልበት። በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በጭድ የተመረገ። ሁለት ሰው ያስቀምጣል። የደከመው ያርፍበታል።»

ሳቄ መጣ። እሱም ምን ያስቅሻል ብሎ ተቆጣ፤ ጠየቀኝ መለስኩ አለ። ልሰርዘው እጄን ዘረጋሁና መሃል ላይ ተውኩት።

መርማሪው ሁሉን ነገር የሚመረምረው በመደቡ ነው። በሩ ከመደቡ ጋር ይስማማል ወይ? ጣራው ከመደቡ ጋር ይስማማል ወይ? መደቡን ራሱን ግን የሚመረምርበት ሌላ ነገር የለውም፤ ባለቤቱ እንዳለው ይቀበለዋል። ለአንድ ፊደል የተሠራው ሳጥን የፈለጉትን ያህል እንደሚይዝ ደግሞ ማንም አስቦበት አያውቅም፤ ማን አስቦበት ይሞክራል። ከላይ የገባው ቃል በመቶ አርባውም ገጽ አናት ላይ ተደግሞ ሰፍሯል። የዚህ ቤት መደብ በበሩ ግራ በኩል ነው። የዚህ ቤት መደብ በበሩ ግራ በኩል ነው።

የሐሰት መደብ የሚያስገባ ጸሐፊ ማኅተሙን ይነጠቃል። ከጽሑፉ ውስጥ ሐሰቱን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ቢወድቅ ሦስተኛው መሆኑን፣ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ የእኔም ማኅተም እንደሚያከትም ለጋሽ ያብስራ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ።

«ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት አለበት?» አለኝ።

«የለበትም።»

«እንግዲያው ላኪው።»

ላክሁት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት እህል አልወረደልኝም፤ ጋሽ ያብስራ ግን በየጠዋቱ እየመጣ ያጽናናኝ ነበር። በሃያኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፤ ቆሜ አነበብኩለት። «የግንባታው መደብ ተመዝግቧል። በቦታው በተደረገ ቅኝት ቤቱ ከመደቡ ጋር የማይስማማ ሆኖ ተገኝቷል። በበሩ ግራ በኩል በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በጭድ የተመረገ፣ የደከመው የሚያርፍበት ነገር የለም። ባለቤቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጉድለቱን እንዲያሟላ ታዝዟል።»

ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ታዝዤ ነው እንግዲህ» አለ፤ ወደ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ላገኘው ሁሉ በአርባ ሰከንድ ውስጥ የነገረው ይህንኑ ነው።

ጭቃ ማቡካት የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። እትዬ ሰዓዳ ከታች ሆና መመሪያ ላከች፤ አፈሩ ይነፋ፣ ጭዱ ይከተፍ፣ ሳይብላላ እንዳትነኩት። ከጓሮው አፈር ቆፈርን። እኔም እጄን እስከ ክርኔ ነከርኩ። ሃምሳ ዓመት ሲሆነኝ ጭቃ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ ይላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ምርጊቱ አለቀ፤ ደንቡም ጸጥ አለ።

ወሬው ተሰማ፤ የሰፈሩ ሰው ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሦስት ሪፖርት ጻፍኩ፤ ሁሉም በመጀመሪያው ገጽ ላይ መደብ አላቸው። አንዱ በበሩ ቀኝ ነው፣ አንዱ ከዛፍ ሥር ነው፣ የአንዲት ሴትዮ ደግሞ «እናቴ ትቀመጥበት የነበረው» ይላል፤ እሱም አለፈ። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ቅጹን ስከፍት ጥያቄው ተለውጧል። «የግንባታው ምድብ?» ይላል። ድሮም ምድብ ነበር የሚባለው፤ ማን እንደቀየረው አላውቅም፤ አሁንም ማን እንደመለሰው የነገረን የለም። ሳጥኑም አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል። በዚያ ቀን ወረፋ ይዘው የነበሩትን ሰዎች ወደ ቤታቸው መሸኘት ከበደኝ። በደሴ ያለው መደብ ሃያ አራት ነው፤ አይጨመርበትም። የቆሙትን ማፍረስ ግን አይቻልም፤ ቢፈርሱ ቤቶቹ ከመደብ ውጭ ይሆናሉ።

እትዬ ሰዓዳ ግን እስከዚያ ድረስ አልመጣችም ነበር። ሦስት ዓመት የተቀመጠ ጉልበት በአንድ ዓርብ አይነሣም። የመጀመሪያው ዓርብ ሃያኛው ደረጃ ላይ ደርሳ ተመለሰች። በሁለተኛው ሠላሳ አምስት። በሦስተኛው ዝናብ ነበር። ጋሽ ያብስራ በየዓርቡ ከማለዳ ጀምሮ መደቡ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያያል፤ ስትመለስም ቁጥሩን ለእኔ ይነግረኛል። በአራተኛው ዘጠናን አለፈች፤ ከዚያም ወለል ላይ ልትቀመጥ ስትል ምሰሶው አስነሣት። እሱ ያን ዕለት አለቀሰ አሉኝ። በአምስተኛው ጭራሽ ከቤት አልወጣችም።

ቅጹ በተለወጠበት ሳምንት ዓርብ ሥራዬን ዘግቼ ወደ እሱ ሄድኩ። ጎኑ ተቀመጥኩ። ምሰሶው ከፊታችን አለ፤ አርባ ሰከንድ አለፈ፤ ዝም አለ። መደቡ የቤቱ አካል ነው፤ እኛ ቤት ውስጥ ነን። ከዚያ በላይ ይዤው መቆየት ስላልቻልኩ ነገርኩት።

«ጋሽ ያብስራ፣ የመንገዱን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉብታ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ከደረጃው ላይ አላነሣም። «አውቃለሁ» አለኝ። «ማኅተምሽ በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። ያንን ዘጠኝ መቶ ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ታዲያ ከአሥራ አንዱ ጸሐፊ መርጠህ ለምን ወደ እኔ መጣህ አልኩት።

«ያሰረ ነው የሚፈታው» አለ። አፈርኩ፤ ደግሞም ቀለለኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊሰሙ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከዘራውን ያዘና ቀና አለ። ከታች፣ ከደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ነጭ ሻሽ ታየ። አንድ ደረጃ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ደረጃ። ምሰሶው «እባክዎ ይለፉ» አላት፤ «እያለፍኩ አይደል» ስትለው ሰማናት። ጋሽ ያብስራ ሊነሣ ፈለገና ተወው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚቆጥር መሰለኝ። መቶ ሃምሳ ሁለት። መቶ ሃምሳ ስድስት።

ደርሳ ፊታችን ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ሰላምታም አልሰጠችም። መጀመሪያ ያደረገችው መደቡን በመዳፏ መደባበስ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበትና ጥጉ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«እዚህ ጋ ሳስቷል» አለች። «ማን ነው የመረገው?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«ያስታውቃል።» ወደ ጋሽ ያብስራ ዞረች። «አቢጊያ ብታይ በሳቀች።»

«ትስቃለች» አለ እሱ።

ቦታውን ልለቅላት ብድግ አልኩ። ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ከመውጣቷ የተነሣ ይሞቅ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «ጠጋ በይ እንጂ።»

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ሰው ያስቀምጣል ይላል። ጠጋ አልኩ።